ልጄ ራሷን ትጎዳለች፤ ቴራፒው ለምን ለቤተሰቡ ሁሉ ሆነ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለንደን ነው። የ15 ዓመት ልጄ ክንዷን እንደምትቆርጥ ያወቅነው ከትምህርት ቤት ተደውሎልን ነው። ጂፒያችን (የሰፈር ሐኪማችን) ወደ ካምስ (የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት) መራን። እዚያ አንዲት ነርስ ልጄን ለብቻዋ ካነጋገረቻት በኋላ ለቤተሰብ ቴራፒ የቀጠሮ ደብዳቤ ደረሰን። ባለቤቴ “የታመመችው እሷ፤ እኛን ለምን ይጠሩናል? ጥፋተኛ ሊያደርጉን ነው” ብሎ አልሄድም አለ። ማታ ማታ እጅጌዋን እየገለጠ ያያል፤ ስልኳንም ነጥቋታል። እሷ ከክፍሏ አትወጣም። አማቴ ከአዲስ አበባ እየደወሉ “ጠበል አስጠምቋት” ይላሉ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ እስካሁን የሚያስተረጉምልን የ12 ዓመቱ ወንድሟ ነው። ሶሻል ሰርቪስ ልጆቼን ይወስድብኛል ብዬም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከለንደን

ውድ እናት፤

ወደ ቀጠሮው ይሂዱ። ባለቤትዎም ቢመጡ በጣም ይጠቅማል፤ እንዴት ሊያግባቧቸው እንደሚችሉ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ቀጠሮው እስኪደርስ ግን ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ መደረግ ካለበት እንጀምር።

ልጅዎን ለብቻዋ፣ ረጋ ባለ ሰዓት፣ በግልጽ ይጠይቋት፦ “የኔ ልጅ፣ መሞት ያሰብሽበት ጊዜ አለ? አሁንስ ታስቢያለሽ?” ብዙ ወላጅ ይህን ጥያቄ የሚሸሸው ያላሰበችውን ሐሳብ ላስገባባት እችላለሁ ብሎ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብቻዋን ይዛው ከምትቆይ ትገላገላለች። ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች ሁሉ መሞት አይፈልጉም። ብዙዎቹ የሚነግሩን ሊሸከሙት ያልቻሉትን ስሜት ለደቂቃዎች እንደሚያቀልላቸው ነው። ቢሆንም ራስን የማጥፋት አደጋው ከሌሎች ልጆች ከፍ ያለ ስለሆነ በግምት አይታለፍም። “አዎ፣ አስቤያለሁ፤ እንዴት እንደማደርገውም አውቃለሁ” ካለችዎ ብቻዋን አይተዉዋት፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት ወይም 999 ይደውሉ። አደጋው ያን ያህል ቅርብ ካልሆነ፣ ግን እስከ ቀጠሮው መጠበቅ ካስፈራዎ፣ 111 ደውለው 2 ቁጥርን ይጫኑ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በማንኛውም ሰዓት ያነጋግርዎታል። “አምሃሪክ” ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎ ራሷ ማውራት ከፈለገች ቻይልድላይን በ0800 1111 በነጻ ያነጋግራታል። እነዚህን ቁጥሮች ስልኳ ላይ እንድትመዘግባቸው ያድርጉ። ስልኩ እንዲመለስላት ከምንመክርባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ቀጥሎ ቤቱ ነው። መድኃኒቶችን ሁሉ፣ የእርስዎን የደም ግፊት ክኒን ሆነ የእንግዳ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ሳይቀር፣ በሚቆለፍ ሣጥን ያስቀምጡ፤ ቤት ውስጥ የሚኖረው መጠን ትንሽ ይሁን። ስለት ያላቸውን ነገሮች ከመታጠቢያ ቤትና ከመኝታ ክፍሏ ያንሡ። ይህን ተደብቀው ሳይሆን ነግረዋት ያድርጉት፦ “የማነሣው ስለማላምንሽ አይደለም፤ በጣም በሚከፋሽ ሰዓት በእጅሽ እንዳይሆን ነው።” ፍላጎቱ ብዙውን ጊዜ እየበረታ ሄዶ መልሶ ይረግባል። በዚያ መሃል ነገሩ ሩቅ መሆኑ ብቻውን የሚያተርፈው ብዙ ነው። ቆርጣ ካገኟት ቁስሉን በንጹሕ ውኃ ያጥቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑት። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ከተከፈተ ወይም ጣቶቿ ከደነዘዙ ሐኪም ቤት ነው። መድኃኒት ከልክ በላይ ከዋጠች ግን ደህና ብትመስልም፣ ብታስመልስም፣ አይጠብቁ፤ ጉዳቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊወጣ ይችላልና ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ። “የታመመችው እሷ፤ እኛን ለምን?”

አንድ የተለመደ ማታ እንውሰድ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ጓደኞቿ አግልለዋት ውላ ትመጣለች። ማዕድ ላይ ዝም ትላለች። “ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታጠቁሪው?” ትባላለች። “ምንም።” አባት ይቆጣል፤ “እኛ ሌት ተቀን የምንለፋው ለማን ነው?” ይላል። እናት ነገሩን ለማብረድ “ተይው፣ ብይ በቃ” ትላለች። ወንድሟ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ይተክላል። ልጅቱ ጥላ ትነሣለች፤ በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ነው ዋናው። ማንም አያንኳኳም፤ ምክንያቱም አባት “ንቃኝ ነው የሄደችው” ብሎ፣ እናት “ትረጋጋ” ብላ ትተዋታል። እሷ ውስጥ ያለው ግን “ማንም አይፈልገኝም” የሚል ነው። ትቆርጣለች፤ ለጥቂት ደቂቃ ይቀላታል፤ ከዚያ እፍረቱ ይመጣል። በማግስቱ ቁስሉ ይታያል፤ ድንጋጤ፣ ለቅሶ፣ ቁጣ፣ ስልክ መንጠቅ። ይህ ደግሞ ብቸኝነቷን ያባብሰዋል፤ የሚቀጥለው ማታ ከበፊቱ ባሰ ቦታ ይጀምራል።

በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አባትየው የሚቆጡት ስለፈሩ ነው። የቤተሰብ ቴራፒስት የምትሠራው ይህን ዙር ከእናንተ ጋር ደረጃ በደረጃ ማየትና የት ላይ ሊሰበር እንደሚችል መፈለግ ነው። ያችን ግማሽ ሰዓት ልጅቱን ብቻ በማከም መድረስ አይቻልም፤ በሩን የሚያንኳኳው ሌላ ሰው ስለሆነ። ለባለቤትዎ የሚነግሩት ይህን ቢሆን እንመርጣለን፦ “የጠሩን ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፤ ከሳምንቱ ውስጥ እነሱ የሚያዩዋት አንድ ሰዓት ነው፤ የቀረውን ከእኛ ጋር ናት።” የሚሰሟቸው የንስሐ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ካለ፣ ዝርዝሩን ሳይነግሩ “አብረህ ሂድ” እንዲሏቸው ማድረግ ይቻላል። የሥራ ፈረቃ ከሆነ ችግሩ፣ ክሊኒኩ በቪዲዮ እንዲገቡ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ። እምቢ ካሉም እርስዎና ልጅዎ ይጀምሩ። አባት ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ሲመጡ ማየት አዲስ አይደለም።

ቴራፒው ምን እንደሚመስል ማወቅ ፍርሃቱን ይቀንሳል። አንዱ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤ በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ቀረብ ቀረብ ብሎ፣ በኋላ በወር አንዴ ገደማ እየሆነ ወደ ስድስት ወር ይዘልቃል። በመጀመሪያው ቀን ቴራፒስቷ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ አያቶችና ዘመዶች የት እንዳሉ እየጠየቀች የቤተሰቡን ዛፍ ወረቀት ላይ ትሥላለች። ሀገር ቤት የቀረ፣ በሞት የተለየ፣ በስደት መንገድ ላይ የጠፋ ሰው ካለ እዚህ ይነሣል፤ ማልቀስም ይኖራል፤ አይደንግጡ። ጥያቄዎቿ ግራ ሊያጋቡ ይችላሉ። ልጅቱን “ለምን ቆረጥሽ?” ከማለት ይልቅ ወንድሟን “እኅትህ ሲከፋት ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? አባትህ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? እናትህስ?” ልትለው ትችላለች። አንዱ ስለ ሌላው ሲናገር ሁሉም ያላየውን ያያል። አንዳንድ ክሊኒክ ሌሎች ቴራፒስቶች ከመስታወት ጀርባ ወይም በቪዲዮ ሆነው ይከታተላሉ፤ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ካልፈለጉ “አይሆንም” ማለት መብትዎ ነው።

ልጅዎን ለብቻዋም ሊያነጋግሯት ይችላሉ፤ ያለችውንም ሁሉ አይነግሩዎትም። ይህ ወላጅን ያስከፋል፤ ይገባናል። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሌላ ሰው እየጎዳት ከሆነ ግን ምስጢር አይሆንም። ይህ ድንበር በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገራል፤ ካልተነገረ ይጠይቁ።

ስለ አስተርጓሚው አጥብቀን እንነግርዎታለን። የ12 ዓመቱ ልጅ ከእንግዲህ አንድም ቃል አያስተርጉም። እኅቱ መሞት እንደምትፈልግ በእሱ አፍ ለእናቱ ሲነገር ያስቡት። በዚያ ላይ ልጅ ያለሰልሳል፤ “አባቴ ያስፈራኛል” የሚለውን ሊያስቀረው ይችላል፤ ቴራፒስቷም የተሳሳተ ነገር ይዛ ትቀራለች። ኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አሁኑኑ ይደውሉና (ወይም ልጅዎ ሳትሆን ሌላ አዋቂ ይደውልልዎ) ሦስት ነገር ያስመዝግቡ። የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ከተቻለ ሴት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትቆይ። የሐበሻው ማኅበረሰብ ትንሽ ስለሆነ የቤተ ክርስቲያንዎ ወይም የእድርዎ ሰው እንዳትገጥምዎ ከፈሩ፣ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚተረጉም ይጠይቁ። በክፍሉ ውስጥ እርስዎ በአማርኛ፣ ልጅዎ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ሁለታችሁም ወደ እርስ በርሳችሁ እንጂ ወደ አስተርጓሚዋ አትዩ። አጭር አጭር አድርገው ይናገሩ። ብዙ እናቶች ልጃቸው እንግሊዝኛ የምትናገረውን ቁም ነገር ሙሉውን የሰሙት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ቴራፒው የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው መመለሻ መንገድ ላይ ያለው ነው። ልጅቱ ክፍሉ ውስጥ እንደምንም ደፍራ “አባዬ ሲጮህ ደረቴ ይጨንቀኛል” ትላለች፤ አውቶቡስ ላይ “በሰው ፊት አዋረድሽኝ” ትባላለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ አፏን አትከፍትም፤ ስድስት ወሩም በከንቱ ያልቃል። ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ውል አድርጉ፦ እዚያ የተባለ በዚያ ቀን ቤት ውስጥ አይነሣም፤ የቆረቆረ ነገር ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ይነሣል። ሌላው የጥፋት ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው፤ ክፍሏን አታጸዳም፣ ስልክ ላይ ታፈጣለች፣ ትምህርቷ ወረደ። ይህ ሲደረደር ልጅቱ ተከሳሽ ሆና ትቀመጣለች። ሦስተኛው ቁስሉ ሲደርቅ ማቆም ነው። መቁረጡ ጋብ ያለበት ጊዜ ስለ ዙሩ ረጋ ብሎ መነጋገር የሚቻልበት ጊዜ ነውና ያኔ አይቅሩ።

የቤተሰብ ቴራፒ ሁሉን ይፈታል ብለን አንዋሽዎትም። እንግሊዝ ውስጥ በ40 የካምስ ክሊኒኮች፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን የጎዱ ከ11 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 832 ልጆች የተሳተፉበት “ሺፍት” የተባለ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2018 ታትሟል። ግማሾቹ የቤተሰብ ቴራፒ፣ ግማሾቹ ክሊኒኩ እንደ ወትሮው የሚሰጠውን ሕክምና አገኙ። በ18 ወር ውስጥ ራሳቸውን በመጉዳት ወደ ሆስፒታል የተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ 28 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 25 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት አልታየም ማለት ነው። በልጆቹ አጠቃላይ ስሜትና ባሕርይ ረገድ ግን የቤተሰብ ቴራፒው የተሻለ ሆኖ የታየባቸው መለኪያዎች አሉ። እኛ ከዚህ የምንወስደው ቴራፒውን ትታችሁ ቅሩ የሚል አይደለም። ብቻውን ይበቃል ብላችሁ ሌላውን አትተዉ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው “ለልጄ ለብቻዋ የሚሰጣት ሕክምና ምንድን ነው?” ስሜቷ ቶሎ ቶሎ የሚግልና የሚወርድ፣ መቁረጡም የሚደጋገም ከሆነ ለወጣቶች የተዘጋጀ ዲቢቲ የሚባል ቴራፒ እንዲታሰብላት ናይስ (የእንግሊዝን የሕክምና መመሪያዎች የሚያወጣው ተቋም) በ2022 ያወጣው መመሪያ ይመክራል። በኖርዌይ ኦስሎ በ77 ወጣቶች ላይ ለ19 ሳምንት ተሞክሮ ራስን መጉዳቱን እንደቀነሰ በ2014 ታትሟል። ልጅቱ በየሳምንቱ ለብቻዋ ትታያለች፤ በተጨማሪም ወላጆችና ልጆች በአንድነት ስሜትን ማብረድን፣ ጭንቀትን ሳይጎዱ ማሳለፍን፣ ሳይጣሉ መነጋገርን ይማራሉ። የኪኒን ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ ያው መመሪያ ራስን መጉዳትን ለማስቆም ብሎ መድኃኒት መስጠትን አይደግፍም። የመንፈስ ጭንቀት ወይም ሌላ ሕመም ካለባት ግን ለዚያ ሊታዘዝ ይችላል።

ሁለተኛው የደኅንነት ዕቅድ ነው። በአንድ ገጽ፣ በልጅቱ ቃል የሚጻፍ፤ ሊመጣ ሲል የምታውቅበት ምልክት፣ ብቻዋን ልታደርገው የምትችለው ነገር፣ ሐሳቧን የሚያስቀይር ሰውና ቦታ፣ እርዳታ የምትጠይቃቸው ሰዎች፣ የባለሙያ ስልኮች፣ ቤት ውስጥ የሚነሡ ነገሮች። በእንግሊዝኛ ብትጽፈው ይሻላል፤ በሚጨንቃት ሰዓት የምታስበው በእሱ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ከአስተርጓሚዋ ጋር የአማርኛ ቅጂ ይያዙ። ትምህርት ቤቷም ቅጂ ይኑረው።

እጅጌ መግለጡን ግን ዛሬ ያቁሙት። ባለቤትዎ ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን። የ15 ዓመት ሴት ልጅ በየማታው ገላዋ ሲፈተሽ የምትማረው ግን መደበቅን ነው፤ በዚያ ላይ ቀኑ ሙሉ በፍተሻው ፍርሃት ያልፋል። በምትኩ ቁስሏን ማን እንደሚያይላት ራሷ ትምረጥ፤ እርስዎ፣ የትምህርት ቤቱ ነርስ ወይም ጂፒ። አባቷ በዚያ ሰዓት በሩን ቀስ ብለው ያንኳኩና “ሻይ አፍልቻለሁ፤ ብትፈልጊ ሳሎን ነኝ” ይበሏት። ባትወጣም በማግስቱ ይድገሙት። ሦስትና አራት ጊዜ እምቢ ማለቷ የሚጠበቅ ነው። ስልኳ ይመለስላት፤ እንቅልፍ ካስጨነቃችሁ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእናንተም ጭምር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሳሎን ይደር፤ እሷ እርዳታ ለመደወል ስትፈልግ ሳትጠይቅ ልታነሣው እንደምትችል ይንገሯት። “ምን ጎደለሽ?” እና “እኛ በአንቺ ዕድሜ” የሚሉት ከቤቱ ይውጡ። “በጣም ከብዶሽ ነበር ማለት ነው” ቢባል ይበቃል።

አማትዎን አይጣሏቸው። ልጅቱ ፈቅዳ ከሆነ ጠበሉም ጸሎቱም ከሕክምናው ጋር አብሮ መሄድ ይችላል፤ ለቴራፒስቷም ይንገሯት፤ አትከለክልም። የማይሆነው በግድ መውሰድ፣ ቀጠሮ ወይም የታዘዘ መድኃኒት ማስቋረጥ፣ ደግሞም ልጅቱ ፊት “መንፈስ ነው” እያሉ ማውራት ነው። በስልክ ስትሰማው ራሷን እንደ ርኩስ ትቆጥራለች። ለአማትዎ “ሐኪሞቹ ጀምረዋል፤ እርስዎ በጸሎትዎ ያስቡን” ቢሏቸው ክብራቸውም ይጠበቃል።

ስለ ሶሻል ሰርቪስ፤ ልጅ ራሷን ስለጎዳች ብቻ ከወላጆቿ አትወሰድም። ባለሙያዎች የሚያሳስባቸው ልጅ ቤት ውስጥ ስትመታ፣ ስትዋረድ ወይም ከሕክምና ስትከለከል ነው። በቀጠሮ ተገኝቶ የሚጠይቅ፣ መድኃኒቱን የቆለፈ ወላጅ ልጁን የሚጠብቅ ሆኖ ይመዘገባል። በሌላ በኩል ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ዛሬውኑ ይቁም። ሶሻል ወርከር ቢመጣም በሩን ከፍተው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቤተሰቡ ምን ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ለማየት ነው።

ትንሹን ልጅ አይርሱት። “የእኅትህ ሕመም ያንተ ጥፋት አይደለም፤ እሷን መጠበቅም ያንተ ሥራ አይደለም” ብለው በቃል ይንገሩት። ቆርጣ ካየ ለአዋቂ ይናገር፤ ያ ማሳበቅ አይደለም።

ቴራፒው ከተጀመረ በኋላም እንደገና ልትቆርጥ ትችላለች። ያን ማታ “ይህን ሁሉ ለፍተን!” አይበሏት። ቁስሉን ያክሙ፣ ስለ መሞት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቋት፣ አብረዋት ይቀመጡ። ሲነጋ፣ ከእሷ ጋር፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት ማን ምን እንዳለና እሷ የት እንደነበረች ጥቂት መስመር ጽፈው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘው ይሂዱ። ቴራፒስቷ ከሁሉ በላይ የምትፈልገው ያን ወረቀት ነው።